ድምፅ የሌለው በረዶ

ልጅ ሳለሁ፣ የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በረዶ አይቻለሁ ብላ የምትናገር አንዲት ሴት በቡታጅራ ከተማ ነበረች፤ እሷም አክስቴ አስካለ ነበረች። የሰፈሩ ልጆች ይህን ስትል ይስቁባት ነበር። በረዶማ ማን ያላየ አለ? በክረምት የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው፣ የእንሰቱን ቅጠል ሲሰነጣጥቀው፣ እኛም ከደጅ ለቅመን አፋችን ውስጥ ስናሟሟው ነው ያደግነው። እሷ ግን ራሷን ትነቀንቅና «ያ ሌላ ነው» ትል ነበር። እሷ ያየችው በረዶ ድምፅ የለውም። እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ሲወርድ ያድርና ጠዋት በር ሲከፈት መንገዱም፣ አጥሩም፣ እርሻውም ጠፍቶ ይገኛል። ልጆቹ ይህን ከተረት ቆጥረውት ትንሽ ያዳምጡና ወደ ጨዋታቸው ይሮጣሉ። እኔ ግን የምሄድበት ስላልነበረኝ እቀመጣለሁ።

ከእሷ ጋር መኖር የጀመርኩት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። አባቴ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ይነግድ ነበር። ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ ማሳደግ አይሆንለትም ተባለና ለታላቅ እህቱ ተሰጠሁ። ወንድም እህት የለኝም። የአክስቴ ቤት ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ወደ ዘቢዳር ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ተራራው በስተምዕራብ ስለቆመ ፀሐይ ከሌላው አገር ቀድማ ትጠልቅብን ነበር። ሰማዩ ገና ብርሃን ሳለ እኛ ጥላ ውስጥ እንገባለን። ያኔ ኩራዙ ይለኮሳል፣ ምድጃው ላይ ፍሙ ይሰበሰባል፣ እትዬም (እኔ እትዬ ነበር የምላት) ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ታጣፋና ማውራት ትጀምራለች።

በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ልጆች ታሳድግ ነበር። ሐኪሙ ወደ አገሩ ወደ ስዊዘርላንድ ሲመለስ ልጆቹ ከእሷ አንለይም ብለው አለቀሱና ይዟት ሄደ። እዚያ ብዙ ዓመት ኖረች። ልጆቹ አድገው የማይፈልጓት ሲሆኑ አንድ ግራጫ ካፖርት ለብሳ ወደ ቡታጅራ ተመለሰች። እናቷ ሞታ ተቀብራ ቆየቻት፤ እኩዮቿንም ወልደው ከብደው አገኘቻቸው። ሰው አክብሮ ይቀበላታል፣ ለሰርግም ለለቅሶም ይጠራታል፤ ነገር ግን ስታወራ እርስ በርሱ ይተያያል። ስለዚያ አገር መናገር ስትጀምር አንዱ ስለ በሬ፣ አንዱ ስለ ዝናብ ያነሳና ወሬው ይቀየራል። ቀስ በቀስ እሷም ለትልልቅ ሰው መናገሩን ተወችው። የቀረኋት እኔ ነበርኩ።

የማልረሳው አንድ የመስቀል በዓል አለ። በእኛ አገር ለመስቀል የማይመጣ የለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ በጥያና በቡኢ በኩል አቧራ ለብሶ ይደርሳል፤ ጣሪያው ላይ ጆንያ፣ ፍራሽ፣ አዲስ ሳፋ ይጫናል። ከውስጡ አባቶች ይወርዳሉ። አባቴ እንደሚመጣ በሰው ልኮብን ነበር። እትዬ ቅቤውን አንጥራ፣ ቆጮውን አዘጋጅታ፣ እኔን አጥባና ቀብታ አስቀመጠችኝ። አውቶቡስ በደረሰ ቁጥር ወደ መናኸሪያው እየወረድኩ ከሚወርዱት እግሮች መካከል የአባቴን ጫማ እፈልግ ነበር፤ ፊቱን በደንብ ስለማላስታውሰው በጫማው የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ደመራው በርቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ክትፎውን በልቶ፣ ጭፈራው ሲደምቅ አባቴ አልመጣም። የመጨረሻው አውቶቡስ ረዳት በሩን ዘግቶ «ጨርሰናል እኮ፣ ልጄ» አለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እትዬ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችኝ። ከጎረቤት የሚመጣው ዘፈን ግድግዳውን አልፎ ይሰማን ነበር። ፍሙን ቆሰቆሰችና ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ጀመረች።

በዚያ በበረዶ አገር የሐኪሙ አባት፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ከተራራው ሥር ይኖሩ ነበር። በበጋ፣ የዚያ አገር ብርድ ሲለቅ፣ ልጆቹን ይዛ እሳቸው ዘንድ ትሰነብታለች። ከቤታቸው በላይ በሁለት ተራሮች መካከል የማይቀልጥ በረዶ ነበር። እንደ ወንዝ የረዘመ ሆኖ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። የሚገርመው ግን ይሄዳል። ዓይን ሊያየው በማይችል ዝግታ፣ በራሱ ክብደት እየተገፋ፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሽማግሌው በጉብዝናቸው ዘመን ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ይህን በረዶ ሲሻገሩ፣ በስሱ በረዶ ተሸፍኖ የነበረ ስንጥቅ ከወንድማቸው እግር ሥር ተከፈተ። ወንድማቸው ወደ ውስጥ ገባ። ገመድ ቢወረወር፣ ሰው ቢጠራ፣ ሊገኝ አልቻለም። የአገሩ ሰው ግን አንድ የሚያውቀው ነገር ነበረ፤ በረዶው የዋጠውን አንድ ቀን ከታች፣ ጫፉ ላይ፣ ይመልሳል። በልጅ ልጆቻችሁ ዘመን ይመልሰዋል ብለው አጽናኗቸው።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በየዓመቱ በበጋው መጨረሻ ወደ በረዶው ጫፍ ይወጡ ነበር። ጫፉ ከደረሰበት ቦታ ባለ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ያደርጋሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለሱ በረዶው ከምልክቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ያገኙታል። ይለኩታል፣ አዲስ ምልክት ያደርጋሉ። በክረምት የሚጨመረው በበጋ ከሚቀልጠው እያነሰ፣ በረዶው ከጫፉ እየተበላ ሄደ። እትዬ እዚያ በነበረችበት አንድ በጋ ከልጆቹ ጋር ተከትላቸው ወጣች። ከሚንጠባጠበው በረዶ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ፣ ሶሉ በምስማር የተመታ አንድ የቆዳ ጫማ ተገኘ።

«ሽማግሌው አነሱት» አለች እትዬ። «አላለቀሱም። ጭቃውን በመዳፋቸው ጠረጉትና ‹ቀድሞ መጣ፤ እኔ እያለሁ መምጣት አልነበረበትም› አሉ።»

እኔ ወንድማቸው ተገኘ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እሷ እስከነበረችበት ጊዜ አልተገኘም። ሽማግሌው ግን መውጣታቸውን አልተዉም። ወንድማቸውን ማግኘት ይፈልጋሉ፤ በረዶው ካልቀለጠ ግን በእሳቸው ዕድሜ አይገኝም። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ያሳደጋቸው አገር አብሮ ይሄዳል። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመኙ እሳቸውም አያውቁትም ነበር አለችኝ።

ያኔ የጎረቤት ዘፈን ጋብ ብሎ ነበር። አባቴ ይመጣል ወይ አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ነገ ይመጣል ብሎ ያስተኛኝ ነበር። እትዬ «አላውቅም፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ያንን ግራጫ ካፖርት አልብሳኝ አብረን ቁጭ አልን። ኩራዙ ጋዙን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አልተነሳንም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የእናቴ እናት አረፈች የሚል መርዶ ከአረቅጥ መጣ። እናቴ የዚያ የደጋ አገር ልጅ ነበረች፤ እኔ ግን ረግጬው አላውቅም። እትዬ በቅሎ ተከራየችና ከሌሎች ለቀስተኞች ጋር ተራራውን ወጣን። ከቡታጅራ የተነሳነው በሙቀት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ዛፉ እያጠረ፣ ንፋሱ እየሳለ፣ እጄ እየደነዘዘ ሄደ። ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ እንደ ሰው የቆሙ ረጃጅም ጅብራዎች አየሁ። እትዬ ይህ ተክል ያለ ብርድ እንደማይኖር፣ ቡታጅራ ወስደው ቢተክሉት እንደሚሞት ነገረችኝ።

የእናቴ ወንድም አጎቴ ዘርጋ ተቀበሉን። ጢማቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝና እናቴ በልጅነቷ ትተኛበት የነበረውን መደብ አሳዩኝ። ለቅሶው ቤት በሰው ተሞልቷል፤ እኔን የሚያውቀኝ ግን የለም። ሴቶቹ በጉራጊኛ እያለቀሱ የሚሉት አንዱ ይገባኛል፣ አንዱ ያመልጠኛል። ለማላውቃት አያት እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም ነበር።

ሲመሽ አጎቴ ወደ ደጅ ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። አንድም ደመና አልነበረም። ለልጆቻቸው ዛሬ ውርጭ ይጥላል፣ ለጋውን እንሰት በጭድ ሸፍኑ ብለው አዘዙ። የአገሩ ሕግ ይህ ነው፤ ሰማይ ከጠራ ውርጭ ይወርዳል፣ ደመና ከለበሰ ሰው ያለ ስጋት ይተኛል።

ጠዋት እትዬ ቀስቅሳ አወጣችኝ። ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር። የአጥሩ እንጨት፣ የገብሱ ዛላ፣ በግቢው የተረሳ አንድ ገመድ ሳይቀር በነጭ አመዳይ ተሸፍኗል። ላሞቹ የሚጠጡበት ገንዳ ላይ ውኃው እንደ መስታወት ጠጥሮ ነበር። ቁራሹን አንስቼ ያዝኩት፤ ጣቴን አቃጠለኝ። ሮጬ ለእትዬ ያ ያንቺ በረዶ ይህ ነው ወይ አልኳት። አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው አለችኝ። ያን ያህል ስትደሰት አይቻት አላውቅም ነበር። በብዙ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለውን ነገር በእጁ የያዘ ሰው አጠገቧ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ደጃፉ ላይ አስቀምጣኝ የበረዶው አገር ሽማግሌ የነገሯትን ነገረችኝ። ትናንት ማታ ሰማዩ ሲጠራ ለምን በረደ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ራሷ መለሰችልኝ። ቀን ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች፤ ሌሊት መሬት ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ መልሳ ታወጣዋለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ይሸፍናትና ሙቀቷን ያስቀርላታል፤ ደመና ከሌለ ራቁቷን ታድራለች፣ ውርጭም ይወርዳል። ከደመናው ሌላ ግን ዓይን የማያየው ጋቢ አለ። ይህ ጋቢ አየር ውስጥ ነው። እንጨት ሲነድ፣ ከሰል ሲነድ፣ ቤንዚን ሲነድ ከጭሱ ጋር የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ነገር ነው። የፀሐይዋን ብርሃን አይከለክልም፣ ያሳልፋል። መሬት የምታወጣውን ሙቀት ግን ይይዝና ከፊሉን ይመልስባታል።

«ጨርሶ ባይኖር ኖሮ ዓለም ሁሉ በረዶ ይሆን ነበር» አለችኝ። «ክፉ አይደለም። የሚከፋው ሲደራረብ ነው።»

በፈረንጅ አገር ከመሬት ሥር ድንጋይ ከሰል ይቆፍራሉ። ሽማግሌው እንደነገሯት ድንጋይ ከሰል ከጥንት ጀምሮ የተቀበረ ደን ነው፤ መሬት በስንት ዘመን የቀበረችውን እነሱ በአንድ ክረምት ያነዱታል። ጋቢው ላይ ጋቢ ይደረባል። መሬት ትሞቃለች፣ በረዶው ይቀልጣል። በረዶው ነጭ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልስ ነበር፤ ሲቀልጥ ጥቁሩ ድንጋይ ይገለጣል፣ ጥቁር ደግሞ ሙቀት ይጠጣል። እጇን ወደ ግቢው ዘረጋችና ተመልከቺ አለችኝ። ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። ሣሩ ላይ ያለው አመዳይ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያለው ቀልጦ አልቆ፣ ድንጋዩ በእርጥበት ያበራ ነበር፤ ከድንጋዩ ዙሪያ ያለው ሣርም ቀድሞ መርጠብ ጀምሮ ነበር።

አጎቴ ዘርጋ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ለካ ሰው እያዳመጠን ነው ብዬ ደነገጥኩ። አልሳቁም። በለጋው እንሰት ላይ ጭዱ ያላዳነውን፣ በውርጭ የተቃጠለ ቅጠል እየቆረጡ «ውርጩ ቢጠፋልን እኛ ምን አጣን?» አሉ። ከልባቸው ነበር የጠየቁት። ውርጭ ገብሳቸውን ስንቴ እንደበላ እሳቸው ያውቃሉ።

እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ውርጩ ብቻውን አይሄድም፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ብርድ የሚጠብቀው ነገር አለ። ወባ ከእኛ ቡታጅራ ወደ እናንተ የማትወጣው ብርዱን ፈርታ ነው። ጅብራውም ከዚህ በላይ ያለው ብርዱ ስለሚስማማው ነው። ሙቀት ከታች ሲመጣ እሱ ወደ ላይ ይሸሻል። ይሸሽ፤ ተራራው ሲያልቅ ግን ወዴት ይሄዳል?»

አጎቴ ቢላቸውን እንደያዙ ወደ ተራራው ጫፍ ተመለከቱ። ይህ በእኛ ዕድሜ የሚሆን ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እሷ በእኛ አይደለም፣ በዚች ልጅ ዕድሜ እንጂ አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ተመለከቱ። በእጄ የያዝኩት ቁራሽ ቀልጦ በክርኔ ላይ ይወርድ ነበር።

አባቴ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። አዲስ ሚስት አግብቶ ነበርና ልጄን ልውሰድ አለ። እትዬ አልተከራከረችም። ልብሴን አጠበች፣ ፀጉሬን ሠራችኝ፣ እስከ መናኸሪያው አብራ ወረደች። እኔ ለስንት ጊዜ የተመኘሁትን አባት አጠገቤ አቁሜ ለእሷ ነበር የማለቅሰው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘችኝና «ትምህርትሽን ተማሪ፤ እኔ የነገርኩሽን መምህራኑ በደንብ ያውቁታል፤ ጠይቂያቸው» አለችኝ። አቧራው ተነሳና አላየኋትም።

አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህሮቼን ጠየቅኋቸው። አንዱ ይህ በመጽሐፋችን ውስጥ የለም አለኝ። አንዷ መምህርት ማን ነገረሽ ብላ ስትጠይቀኝ አክስቴ አልኳትና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ። ለእትዬ በየመስቀሉ በመንገደኛ ሰላምታ እልክላት ነበር፤ እኔ ራሴ ግን የእንጀራ እናቴ ልጆች እየወለደች፣ ቤቱ ሥራ እየበዛበት አልሄድኩም። ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው እትዬ አረፈች። መርዶው የደረሰኝ ተቀብራ፣ ሰልስቷም ወጥቶ ነው። ብቻዋን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነው ያገኟት አሉኝ። ካፖርቱን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ አልተገኘም።

አሁን እኔ ራሴ አርጅቻለሁ። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ዘርጋ የልጅ ልጅ ሲያገባ አረቅጥ ተጠራሁ። በበቅሎ የወጣሁትን መንገድ በመኪና ወጣሁ። አጎቴ የሉም፤ ልጆቻቸው አርጅተዋል። ከሰርጉ ማግሥት ማለዳ ወደ ደጅ ወጣሁ። ወሩ የውርጭ ወር ነበር፤ ሣሩ ግን አረንጓዴ ነው። ከጓሮው ደጋ አይወድም ሲባል የኖረ በቆሎ ቆሟል። ውርጩስ ብዬ የአጎቴን ታላቅ ልጅ ጠየቅሁት። ይመጣል አለ፤ ግን የሚመጣበት ወር ጠፍቶበታል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ይቀራል፣ አንዳንዴ ገብሱ ሲያብብ ሳይታሰብ ይመጣና ይፈጀዋል። ምንጩም እንደ ድሮው አይደለም አለኝ። ቤት ውስጥ፣ ሕፃናቱ በተኙበት አልጋ ላይ፣ የወባ አጎበር ተሰቅሎ አይቻለሁ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጁ አጠገባችን ነበረች። ስለዚህ ነገር ስናወራ ሰምታ፣ ፈተና ላይ እንደምትመልሰው አድርጋ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን አምቆ ስለሚያስቀር የዓለም ሙቀት ይጨምራል፣ የተራራ በረዶዎች ይቀልጣሉ፣ የዝናብ ወቅት ይዛባል፣ ብላ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። አያቷ በኩራት ሳቀ። እኔም ጎበዝ አልኳት። ይህን ነገር እኔ ስም ሳይኖረው እንደሰማሁት፣ የነገረችኝ ሴት እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ድንጋይ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንደነበር ልነግራት አፌን ስከፍት እኩዮቿ ጠሯትና ሄደች።

ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ምሽት ላይ ካወራችልኝ ነገሮች ብዙው ከእኔ ጠፍቷል፤ የሽማግሌውን ስም ነግራኝ ቢሆን እንኳ አላስታውሰውም። የቀረኝ የተናገረችው ነገር ብቻ ሳይሆን የተናገረችበት ሁኔታ ነው። ዛሬ ይህን ሬዲዮው ያወራዋል፣ ልጆች ይሸመድዱታል፣ ስብሰባ ይጠራበታል፤ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሌላ የሚያውቅ ሰው አያጣም። እትዬ ግን ያን ሁሉ ዓመት፣ ፀሐይ ቀድማ በምትጠልቅበት በዚያ ቤት፣ የሚመጣውን ነገር ለብቻዋ ታውቅ ነበር። ብቻን ማወቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ አሁን ነው። ያኔ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ልጅ ነበርኩ።